ጸጥ የተደረገ አንጀት

የሮቦት ቀዶ ሕክምና ሲታይ ብዙ ሰው የሚደነቀው በብረት ክንዶቹ ነው። የእኔ ዓይን ስፌቱ ላይ ያርፋል። በካንሰር ፊኛው ለወጣ ሰው ከገዛ አንጀቱ ምትክ ፊኛ ሲሠራለት ግን የጥበቡ ግማሽ ገና መርፌ ሳይነሣ አልቋል።

እዚህ የምገልጸውን ስልት ስዊዘርላንዳዊው ኡርስ ስቱደር በበርን በ1985 እ.ኤ.አ. ጀመሩት። ከትንሹ አንጀት ከ54 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። ወደ ትልቁ አንጀት መግቢያ ያለው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አይነካም፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በዚያ ነውና። የተቆረጠው ክፍል ከደም ሥሮቹ አይለይም።

አንጀት ሥራው መግፋት ነው። እንደ ቱቦ ቢተው እየተኮማተረ ሽንቱን ይተፋዋል። ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የደም ሥር ከሚገባበት ጎን በተቃራኒ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ በኋላ ተጣጥፎ ድቡልቡል ከረጢት ሆኖ ይሰፋል። በአንድነት ይጨብጡ የነበሩት ጡንቻዎች አሁን በየአቅጣጫው ስለሚጎትቱ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያከሽፋል። ድቡልቡልነቱ ደግሞ በአነስተኛ ግፊት ብዙ ያስይዘዋል። ሳይሰነጠቅ የቀረው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቱቦ ከኩላሊት የሚወርዱትን ሁለት ቧንቧዎች ይቀበላል፤ እየገፋም ሽንት ሽቅብ እንዳይመለስ ያግዛል። የአንጀትን ባሕርይ እዚህ ማክሸፍ፣ እዚያ መጠቀም፤ ከማሽኑ ይልቅ የሚማርከኝ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ በሮቦት፣ ከጣት በማይሰፉ ቀዳዳዎች፣ ሆድ ሳይከፈት ሊሠራ ይችላል። ሐኪሙ ማሽኑን በሚመራበት ኮንሶል ላይ ተቀምጦ ይሰፋል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች የክሩ ውጥረት እጁ ላይ አይሰማውምና በዓይኑ ይለካዋል። ከጠበቀ ሥጋውን ይሰነጥቃል፣ ከላላ ሽንት ያፈሳል። ከባዱ ጠባቡ ዳሌ ውስጥ ከረጢቱን ከሽንት መውጫው ጋር መግጠም ነው። ሁለት መርፌዎች ከታች ይነሣሉ፤ በግራና በቀኝ ዞረው ከላይ ሲገናኙ ይታሰራሉ። ከዚያ የጨው ውሃ ይሞላል፤ የሚንጠባጠብ ካለ እዚያው ይጠገናል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያ ጥናት ፊኛቸው የወጣላቸውን ታካሚዎች 90 ቀን ሲከታተል፣ በሮቦት የታከሙት ከሆስፒታል ውጭ 82 ቀን፣ ሆዳቸው የተከፈተው 80 ቀን (መካከለኛ ቁጥር) አሳልፈዋል። ልዩነቱ አለ፤ ጠባብ ግን ነው።

ስፌቱ የማይለውጠውም አለ። የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን ንፍጥ ማመንጨቱን አይተውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንት የሚያስወጣው ጊዜያዊ ቱቦ (ካቴተር) እንዳይደፈን በጨው ውሃ ይታጠባል። ካቴተሩ ከወጣም በኋላ ከረጢቱ ሲሞላ እንደ ቀድሞው ስለማይሰማ፣ ታካሚው ሌሊትም ቢሆን በሰዓት ተነሥቶ ይሸናል።