የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርት በቢቸናና በሞጣ

በቢቸና ከተማ በአንድ የማታ ክፍል ኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠን ትምህርቱን ስንከታተል፣ አስተማሪው አንድ የጤፍ ነጋዴ አስነሥቶ በእንግሊዝኛ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው። ነጋዴው ከሃምሳ ዓመት የማያንሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙና «አይ አም ቴን ይርስ ኦልድ» ሲሉ መለሱ፤ ይኸውም «ዐሥር ዓመቴ ነው» ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። አስተማሪውም «ጥሩ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ። መልሱ በመጽሐፉ ላይ እንደ ተጻፈው ቃል በቃል የተባለ ስለ ሆነ ስሕተት አልተገኘበትም።

እኛ ይህን ያነሣነው ለማሣቅ ወይም አስተማሪውን ለማሳጣት አይደለም። አስተማሪው የቀን ሥራውን ጨርሶ ማታ የሚደክም፣ ለጎልማሳ የተዘጋጀ መጽሐፍ አጥቶ የሕፃናቱን ይዞ የሚገባ ሰው ነው። ልንነቅፍ የምንወደው መልሱ ትክክል የተባለበትን ምክንያት ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው «ዐሥር ዓመቴ ነው» ብሎ ሲናገር ክፍሉ ዝም ብሎ የሚቀበለው፣ ንግግር ማለት ሰው የልቡን ለሌላ ሰው መግለጽ መሆኑ ቀርቶ፣ የተጻፈውን ሳያዛንፉ ማሰማት ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። በሞጣም ያየነው ከዚህ እምብዛም አይለይም።

እንግሊዝኛ ወደ ተማሪ ቤቶቻችን የገባበት ታሪክ ለዚህ ነገር ጥቂት ምክንያት ይሰጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተከፈተው ተማሪ ቤት ጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ከውጭ ቋንቋዎች የበለጠ ስፍራ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ በአውራጃው ላለ ሰው እንግሊዝኛ የጥቁር ሰሌዳና የፈተና ቋንቋ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ የሚጓዝ ሰው እንግሊዝኛ በየሱቁ ደጃፍ ተጽፎ ያያል፤ ሲነገር ግን አይሰማም።

ጎልማሳ ጀማሪ ስንል ጥቂት ሰዎች ማለታችን አይደለም። ፊደልን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቈጠሩ ሽማግሎች አሉ፤ ከስድስተኛና ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡም አሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ስለ ቆዩ፣ በወንበር መቀመጥ ሲገባቸው ሳይቀመጡ ያደጉት ልጆች አንድ ቀን በዚሁ የማታ ክፍል ጀማሪ ሆነው ይመጣሉ። እኛ ያየነው ትምህርት ከዚያ በፊት በነበሩት ክረምቶች የተሰጠ ነው፤ ነገሩ ግን ወደፊት ለሚመጡትም የሚሆን ስለ መሰለን ለመጻፍ ወደድን።

በሞጣ ካገኘናቸው ተማሪዎች አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ልጃቸው በአሜሪካ አገር አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ልጆቹ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። አያቲቱ በስልክ ፊታቸውን ያያሉ። «አያቸዋለሁ፣ ያዩኛል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ላምና እንደ በግ መተያየት ነው» አሉን። ወደ ክፍሉ የመጡበትም ምክንያት ይኸው ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ የተማሩት ግን «የባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?»፣ «ሻይዎን ከወተት ጋር ይፈልጋሉ?»፣ «ዛሬ ዝናብ ይዘንም ይሆን?» የሚሉትን ነበር። ሞጣን ባቡር ረግጧት አያውቅም። በአራተኛው ሳምንት እማማ ቀሩ።

እነዚህ ጥያቄዎች የተገኙት በየመደብሩ ከሚሸጡት ትናንሽ የንግግር መጻሕፍት ነው። መጻሕፍቱን ስንመረምር ብዙዎቹ በአውሮፓ ከተማ ለሚዞር መንገደኛ ከተዘጋጁ መጻሕፍት የተገለበጡ መሆናቸው ያስታውቃል። ሆቴል፣ ባቡር፣ ቤተ መዘክር፣ የልብስ ሱቅ በየተራ ይመጣሉ። ገበያ፣ እህል፣ ልቅሶ፣ ክርስትና፣ ሐኪም ቤት የሚወስዱት ልጅ፣ ከውጭ የሚደወል ስልክ የሉባቸውም። በአንድ ወገን እንግሊዝኛው፣ በሌላው አማርኛው፣ በመካከል ደግሞ የእንግሊዝኛው ድምፅ በፊደላችን ተጽፎ ይገኛል።

ብዙ ሰዎች የእነዚህን መጻሕፍት ዋና ጥፋት በዚህ በመካከለኛው ዐምድ ላይ ያያሉ። ነገሩ እውነት አለበት። ምላስ ከጥርስ ጋር ገጥሞ ለሚያወጣው የእንግሊዞች ድምፅ ፊደል የለንምና በ«ዝ» ወይም በ«ስ» ይጻፋል፤ «ስኩል» የተባለውም በአንባቢው አፍ «እስኩል» ይሆናል። እኛ ግን ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት አንቈጥረውም። ሕንዳዊውም ናይጄሪያዊውም እንግሊዝኛን በገዛ ምላሱ ይናገራል፤ ይግባባበታልም። መግባባትን የሚያፈርሰው ሌላ ነው፤ መጻሕፍቱም ስለዚያ አንድ ቃል አይናገሩም።

ለምሳሌ የሰዓትን ነገር እንውሰድ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ንጋት ላይ፣ በእኛ አቈጣጠር ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል እንበል። ቍጥሩን በሚገባ ያጠና ተማሪ ለእንግዳው «ትዌልቭ ኦክሎክ» ብሎ ቢነግረው ቃሉም ሰዋስዉም ልክ ነው፤ እንግዳው ግን እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። የስድስቱ ሰዓት ልዩነት በመጀመሪያው ቀን መነገር ሲገባው ባየናቸው መጻሕፍት አልተጻፈም። «አልመጣም ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ የእኛ ሰው ያልመጣ እንደ ሆነ «አዎ» ይላል፤ አለመምጣቱን ማረጋገጡ ነው። እንግሊዝ በዚያው ስፍራ «ኖ» ይላል። በዚህ አንድ ነገር ስንት ውል ሊበላሽ እንደሚችል ነጋዴ የሆነ ሰው ያውቀዋል። (ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለትም አለ፤ ያልለመደው እንግዳ ሰውዬው የደነገጠ ይመስለዋል።) ደግሞም በአማርኛ ወግ መያዝም የልጆች ጨዋታም በአንድ ግስ ስለሚነገሩ፣ «ቍጭ ብለን እንጫወት» ለማለት «ሌት አስ ፕሌይ» ብሎ የሚጋብዝ ጎልማሳ ሞልቷል። እነዚህ ጥፋቶች የስንፍና አይደሉም፤ አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የሚሳሳታቸው ናቸው። ስለዚህ አማርኛን የማያይ መጽሐፍ ሊያቃናቸው አይችልም።

የውጭ ሊቃውንት ስለ ጀማሪዎች ብዙ ደክመዋል። ማክሲሚሊያን በርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ በፕሮቪደንስ ከተማ ተማሪ ቤት ከፍቶ፣ የተማሪውን ቋንቋ ከክፍል በማስወጣት በሚማረው ቋንቋ ብቻ የማስተማርን ዘዴ አስፋፋ። ሃሮልድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ቃል ትምህርት መጽሐፍ ጻፈ። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጉትን 2000 ያህል ቃላት ለይቶ አወጣ። ከእሱ በፊት ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ቃላቱን ወደ 850 አውርዷቸው ነበር። የቃላት መመጠን ለጎልማሳ የሚጠቅም መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ዝርዝር ሁሉ የዝርዝሩ አዘጋጅ አገር ነው። ኦግደን ግሦቹን ዐሥራ ስምንት ብቻ ስላደረጋቸው «መብላት» የሚለው ግስ ከመካከላቸው የለም፤ «ምግብ ወሰደ» እንደ ማለት አዙሮ መናገር ያስፈልጋል። የሞጣዋ አያት ለልጅ ልጃቸው አስቀድመው ሊሉት የሚወዱት ቃል «በላህ ወይ?» የሚል ነው።

በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር የሚባለውንም ዘዴ እኛ ራሳችን ቀምሰነዋል። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ስንማር በግቢው ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነበር። ጠቅሞናል፤ ይሁን እንጂ እኛ ልጆች ነበርን፤ ቋንቋውንም ከጧት እስከ ማታ እንሰማ ነበር። በሳምንት ሁለት ማታ ለአንድ ሰዓት የሚመጣ ጎልማሳ በገዛ ቋንቋው እንዳይጠይቅ ቢከለከል የሚያገኘው ዝምታን ብቻ ነው። በሠፈሩ ሽማግሌ ተብሎ ሰው ለሚያስታርቅ አባወራ በወጣት አስተማሪ ፊት አፉ ተይዞ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ ያየነው ነው።

ከጓደኞቻችን ተማሪዎች ጋር ስንከራከር፣ ይህ ሁሉ የቃል ጥናት ፍቅር ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ ነው የሚሉ አጋጥመውናል። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ክርክራችንም በተለይ እዚህ ላይ ነው። በንባብና በዳዊት ቤት ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተጻፈውን ይደግማል፤ ይህ እውነት ነው። የቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። በቢቸና አቅራቢያ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች ናት፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል። በእንደዚህ ያለ ጉባኤ ተማሪው ማንም በአፉ የማይነጋገርበትን ግዕዝን ይማራል፤ ግስና አገባብ ያጠናል፤ ነገር ግን እስኪጨርስ ድረስ ዝም በል አይባልም። ገና ጥቂት እንዳወቀ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና እንዲቈጥር ይታዘዛል። ቀን ብቻውን ጥግ ይዞ ይቈጥራል፤ ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃኑለታል። የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ «የኔ ነው» ብሎ ቢያቀርብ ሌባ ነው። በዚያ ቤት የሃምሳ ዓመት ሰው «ዐሥር ዓመቴ ነው» ቢል መምህሩ አያሳልፉትም ነበር።

እንግዲህ የማታው ክፍል ከቤተ ክህነት የወረሰው ድግምቱን ብቻ ነው፤ ቈጠራውንና እርማቱን ትቶታል ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ንግግር ግን የሚስማማው ይህ የተተወው ነው። ተማሪው በዚያ ቀን ያደረገውን ወይም ለሰው ሊለው የሚፈልገውን አንድ ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ቈጥሮ ይምጣ፤ ለክፍሉ ይንገር፤ አስተማሪው ያቃናለት፤ የተቃናውን ይያዝ። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም አያስፈልግም። ምስጋናችን ግን ወሰን አለው። በግዕዝ ጨው የሚገዛ ሰው የለም፤ ቅኔ ነጋሪም አድማጩ ወዲያው እንዲመልስለት አይጠብቅም። በቅኔ ቤት ያለው የእርማት ቍጣም ለማታ ተማሪ አይሆንም። በተለይ ሴቶቹ ከዚያ ጉባኤ ርቀው ያደጉ ናቸውና ወጉን ያውቁታል ብለን አንነሣም።

ይህንኑ አሳብ ከተቹት ወገን ብቻ እንዳንሆን በሞጣ ከቀሩት እናት ጋር ጥቂት ቀን ሞከርነው። ለልጅ ልጆችዎ ምን ሊሉ ይወዳሉ ብለን ጠየቅናቸው። አምስት ነገር ነገሩን፤ አምስቱንም ወደ እንግሊዝኛ አወጣን። ከቃላቱ ይልቅ ያስቸገረን ሌላ ነበር። ወንዱንም ሴቲቱንም «ዩ» እንደሚሏቸው ስንነግራቸው ተገረሙ፤ ለልጁ አባትና ለሠፈሩ ቄስም ያው «ዩ» መሆኑን ሲሰሙ «ታዲያ ትልቅ ሰው በምን ይታወቃል?» አሉ። ሕፃኑን እንደ ልማዳችን «አባቴ» ብለው ሊጠሩት ፈልገው «ማይ ፋዘር» አሉት፤ ይህን ያልነገርናቸው ቢሆን ኖሮ ልጁ ግራ ይጋባ ነበር። «የኔ ዓለም» የሚለውንም የሚመጥን አጥተን በአማርኛው እንዲተዉት ተስማማን። ልጁ ይህን አንዱን አማርኛ ቢለምድ ምን ይጐዳል?

ስልኩ እሑድ ማታ ተደወለ። እማማ አምስቱን ነገር ሳይሳሳቱ ተናገሩ። «ዲድ ዩ ኢት?» ሲሉት ልጁ ፊቱ በራና የበላውን፣ የዋለበትን፣ ስለ ውሻውም መሰለን፣ እየተጣደፈ ይነግራቸው ጀመር። እሳቸው ስልኩን እንደ ያዙ ዞር ብለው አዩን። «ቀስ ብለህ ንገረኝ» የሚለውን አላስተማርናቸውም ነበር።