በመቃብር መካከል የተመከረ ሤራ

ሄርማን ጎድሼ የተባለው የፕሩሲያ ደራሲ «ሰር ጆን ሬትክሊፍ» በሚል የብዕር ስም በ1868 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ቢያሪትስ» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ። ከምዕራፎቹ ባንዱ የ12ቱ ነገደ እስራኤል መልእክተኞች በየመቶ ዓመቱ አንድ ሌሊት በፕራግ በሚገኘው የአይሁድ መካነ መቃብር ተሰብስበው ዓለምን ስለሚገዙበት ዘዴ ይመክራሉ። ሁለት ሰዎችም ተሸሽገው ያዳምጣሉ።

ምዕራፉ አንባቢን የሚስብበት ምክንያት ግልጽ ነው። በገሃዱ ዓለም የመንግሥታት መለዋወጥና የገበያ መውጣት መውረድ ከብዙ ምክንያት የሚመነጭ ሲኾን፥ ደራሲው ሁሉን በአንድ ሌሊትና በጥቂት ሰዎች ፈቃድ ውስጥ ይጠቀልለዋል። የተሸሸጉት አድማጮች የአንባቢው እንደራሴዎች ናቸው፤ እነርሱ ሲፈሩ እርሱም ይፈራል፥ ነገር ግን ከወንበሩ አይነሣም። ደግሞም መካሪዎቹ ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀውን ምክር እርስ በርሳቸው ያስረዳሉ። እውነተኛ ሤረኛ እንዲህ አያደርግም፤ ንግግሩ የተጻፈው ለእኛ ጆሮ ነው።

ኾኖም አሌክሳንደር ዱማ ቀደም ብሎ በ«ጆሴፍ ባልሳሞ» ተመሳሳይ ትዕይንት ጽፎ ነበር፤ ኡምቤርቶ ኤኮም ጎድሼ ከዚያ መቅዳቱን አመልክቷል። በዱማ መጽሐፍ የምስጢር ማኅበር አባሎች የፈረንሳይን ዙፋን ለመገልበጥ በተራራ ላይ ይመክራሉ። አለቃቸው ባልሳሞ ተከታዮቹን በቃሉ ያዛል፤ ሚስቱ ሎሬንዛ ግን በእርሱ ኃይል ስታንቀላፋ ትወደዋለች፥ ስትነቃ ትጠላዋለች። ሤራው ከዚህ ኀዘን ጋራ የተገመደ ስለ ኾነ ከመጽሐፉ ቢነጥሉት ነፍስ አይኖረውም። የጎድሼ መካሪዎች ግን ጥርጥር የላቸው፥ ፍቅር የላቸው፥ ከወርቅና ከሥልጣን በቀር ምኞት የላቸው። እንደ እኔ አስተያየት የድርሰቱ ድካም ይህ ነው፤ ምዕራፉ ተቆርጦ ቢወጣ አንዳች አይጎድልበትም።

ተቆርጦም ወጣ። በ1872 በሩሲያ ለብቻው ታተመ። በ1881 «ለ ኮንታምፖራን» የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት የመካሪዎቹን ቃል ሁሉ በአንድ ረቢ አፍ አጠቃሎ እንደ እውነተኛ ሰነድ አቀረበው። የብዕር ስሙም ሥጋ ለብሶ የእንግሊዝ ዲፕሎማት ኾነ! (ጎድሼ ራሱ በ1849 ቤኔዲክት ቫልዴክ በተባለው ፖለቲከኛ ላይ ሐሰተኛ ደብዳቤዎች በማቅረቡ ከፖስታ ቤት ሥራው የተሰናበተ ሰው ነበርና፥ ሰነድ መፍጠር ለእጁ እንግዳ አልነበረም።)

በ1903 በሴንት ፒተርስበርግ ጋዜጣ የወጣው «የጽዮን ሽማግሎች ፕሮቶኮል» የዚሁ ዘር ነው። ብዙው ቃል ሞሪስ ዦሊ በ1864 ናፖሌዎን 3ኛን ለመንቀፍ ከጻፈው፥ አይሁድን ከማይመለከት መጽሐፍ የተሰረቀ መኾኑን የለንደኑ «ታይምስ» በ1921 ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይቶ ገልጧል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌሊቱ የለ፥ መቃብሩ የለ፥ ተሸሽጎ የሚያዳምጥ የለ፤ ንባቡም እጅግ አሰልቺ ነው። የናዚ ፓርቲ ግን እስከ 1939 ድረስ ደጋግሞ አሳተመው።