ሰምና ወርቅ በሲኒማ፤ ስለ ሄሊ ጆኤል ኦስመንት የልጅነት ሥራ

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን የሚመዝነው በድምፁ ማማር ወይም በቃሉ ብዛት አይደለም፤ ከሰሙ በታች ወርቅ አኑሮ እንደ ሆነ መርምሮ ነው እንጂ። ሰም ብቻውን ቢያምር ጨዋታ ነው፤ ወርቅም ያለ ሰም ቢገለጥ ምክር ይባላል እንጂ ቅኔ አይባልም። ይህ ሚዛን ለቅኔ የተሠራ ቢሆንም የሲኒማን ተዋናይ፥ ይልቁንም ሕፃኑን ተዋናይ ለመመርመር ይረዳል። የሕፃን ፊት ሳይደክሙበት ያምራልና፥ ተመልካች ያደነቀው ጥበቡን ይሁን ልጅነቱን ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። አሜሪካዊው ሄሊ ጆኤል ኦስመንት በልጅነቱ የሠራቸው ሥራዎች ለዚህ ምርመራ የተመቹ ናቸው።

ኦስመንት በ1988 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዩጂን ኦስመንት በተዋናይነት የሠሩ ሰው በመሆናቸው የልጃቸውን ዝግጅት ራሳቸው ይመሩ ነበር። አራት ዓመት ሲሆነው በአንድ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ የልጆች ተዋናይ ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ ካየው ነገር ሁሉ ትልቁ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁት፥ አንድ እጅግ ሰፊ የሲኒማ መጋረጃ ማየቱን ተረከላቸው። ከዚህም በኋላ በፒዛ ማስታወቂያ ታየ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ «ፎረስት ጋምፕ» በተባለው ፊልም ውስጥ የባለ ታሪኩን ልጅ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ተጫወተ። ይህ ሁሉ ጉባኤ ቃና የመቍጠር ዘመን ነበር፤ መወድሱ ገና አልመጣም።

መወድሱ በ1999 ዓ.ም. የታየው «ስድስተኛው ስሜት» ነው። ይህን ፊልም የጻፉትም ያዘጋጁትም ሚስተር ናይት ሻማላን ናቸው። ኦስመንት የሚጫወተው ኮል የተባለውን የፊላዴልፊያ ልጅ ሲሆን፥ ለዚህ ልጅ የሞቱ ሰዎች ይታዩታል። ብሩስ ዊሊስ የሚጫወቱት የልጆች የአእምሮ ሐኪም ሊረዳው ይመጣል። ልጁም በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ምስጢሩን በሹክሹክታ ይነግረዋል፤ ሙታኑ እንደ ሕያዋን እንደሚመላለሱ፥ የሚሹትን ብቻ እንደሚያዩ፥ መሞታቸውንም እንደማያውቁ ይገልጥለታል። የንግግሩ ሰም የታመመ ልጅ ለሐኪሙ መናዘዙ ነው። ወርቁ የሚገኘው በፍጻሜው፥ ሐኪሙ ራሱ አስቀድሞ የሞተ መሆኑ ሲገለጥ ነው። ያን ጊዜ ልጁ የተናገረው ነገር ሁሉ በፊቱ ተቀምጦ የሚያደምጠውን ሰው የሚነካ ሆኖ ይገኛል። በቅኔ ቤት ይህ ኅብር ይባላል፤ አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማልና።

ቃሉን የጻፉት ሚስተር ሻማላን ቢሆኑም፥ ኅብሩን ሳያፈርስ ማሰማት የተዋናዩ ድርሻ ነበር። ልጁ ድምፁን አንሥቶ በድንጋጤ ብቻ ቢናገረው ኖሮ፥ ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው አዲስ ነገር ባላገኘ ነበር፤ በዐይኑ እየጠቀሰ ቢናገረው ደግሞ ወርቁ ያለ ጊዜው በወጣ ነበር። እርሱ ግን ፍርሃትንና ኀዘኔታን በአንድ ዝቅተኛ ድምፅ አስተባብሮ ተናገረው። ስለዚህ አስቀድሞ ያየው ሰው ልጁ ስለ ራሱ ሲፈራ ይሰማል፤ መልሶ ያየው ሰው ለሐኪሙ ሲያዝንለት ይሰማል። በመኪና ውስጥ ተቀምጦ የሞተችውን አያቱን መልእክት ለእናቱ ሲነግርም እንዲሁ ነው፤ የምታለቅሰው እናቲቱ ናት፥ ልጁ ግን አደራ እንደሚያደርስ መልእክተኛ ቃሉን በጥንቃቄ ያቀርባል። በዚህ ሥራ በ11 ዓመቱ ለኦስካር ሽልማት ታጨ፤ ሽልማቱን የወሰዱት ማይክል ኬን ናቸው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው «ፔይ ኢት ፎርዋርድ» ግን በዚህ ሚዛን ቀልሎ ይገኛል። አንድ ልጅ ለሦስት ሰዎች መልካም ያደርጋል፤ እነርሱም እያንዳንዳቸው ለሌሎች ሦስት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ወርቁን ያለ ሰም ያወጣዋል፤ ልጁ እንዲሰብክ ተደርጓልና ተመልካች የሚፈልገው ምስጢር አልተረፈለትም። ጕድለቱ የድርሰቱ ነው፤ ሆኖም ጥሩ ተዋናይም ቢሆን ጸሐፊው ያላኖረውን ወርቅ ማውጣት እንደማይችል ያሳያል።

ሕፃን ያስጠኑትን ይደግማል እንጂ አስቦ አይጫወትም የሚሉ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ መልሱ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሚስተር ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም «ኤ. አይ.» ነው። ይህን አሳብ ለብዙ ዘመን ይዘውት የነበሩት በ1999 ዓ.ም. ያረፉት ስታንሊ ኩብሪክ ሲሆኑ፥ የሰው ልጅ መስሎ የተሠራውን መኪና የሚጫወት ሕፃን መገኘቱን ይጠራጠሩ ነበር። ኦስመንት ተጫወተው፤ ዳዊት የተባለው ይህ ፍጥረት ዐይኑን እንዳይጨፍን ያሳሰበውም ራሱ ልጁ ነው። አሳዳጊዪቱ ፍቅርን የሚቀሰቅሱትን ቃላት በተራ ስታነብለት፥ እስከዚያ ድረስ በስሟ ይጠራት የነበረው ዳዊት «እማማ» ይላታል። ያን ጊዜ የፊቱ ፈገግታ ሳይጨመርበት ዐይኑና ድምፁ ይለሰልሳሉ። አስቀድሞ የነበረው ፈገግታ ባዶ ሰም እንደ ነበር ተመልካች የሚያስተውለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህም በኋላ ፊቱን ሰውሮ ድምፁን ብቻ ያሰማባቸው ሥራዎች አሉ። በ2002 ዓ.ም. በሰዎች ቤት ላደገ የድብ ግልገል፥ በ2003 ዓ.ም. «ጃንግል ቡክ» በተባለው የሥዕል ፊልም ሁለተኛ ክፍል በአራዊት መካከል ላደገው ለሞውግሊ ድምፅ ሆነ። ከሙታንና ከሕያዋን መካከል የቆመው ኮል፥ ከሰውና ከመኪና መካከል የቆመው ዳዊት፥ እነዚህም ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው፤ ሁሉም ወዴት እንደሚቈጠሩ የማያውቁ ልጆች ናቸው። አዘጋጆቹ የመረጡት ድምፅ አንዱን እያለ ሌላውን የሚያሳስብ ድምፅ ስለ ነበረ፥ መመረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የልጅ ድምፅ ግን እንደ ጧት ጤዛ ነው። ቦቢ ድሪስኮል የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ልጅ በ1950 ዓ.ም. ለልጆች የሚሰጠውን ልዩ ኦስካር ተቀብሎ፥ በ1953 ዓ.ም. ለማያድገው ልጅ ለፒተር ፓን ድምፅ ሆኖ ነበር። እርሱ ግን አደገ፤ በዚያው ዓመት ውሉ ተቋረጠ፤ በ1968 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ በኒው ዮርክ ብቻውን ሞቶ ተገኘ፥ ማንነቱ ሳይታወቅም በድኾች መቃብር ተቀበረ። ዓለም የወደደው ሰሙን ነበር፤ ሰሙ ሲቀልጥ ስለ ወርቁ የጠየቀ አልነበረም።

የኦስመንት ድምፅም ተለወጠ። ነገር ግን በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቲያትርን ትምህርት ተማረ፤ በ2002 ዓ.ም. «ኪንግደም ሃርትስ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሶራ ለተባለው ልጅ የሰጠውን ድምፅ በ2019 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛ ክፍል፥ የ30 ዓመት ሰው ሆኖ፥ መልሶ ሰጠው። ድምፁ ወፍሯል፤ ቃሉን የሚመዝንበት ማስተዋል ግን ያው ነው። የሕፃንን ተሰጥኦ የሚያሳድጉ ወላጆችና መምህራንም ሊመለከቱት የሚገባቸው ይህንኑ ነው፤ ጭብጨባ ለሰሙ ነው፥ ትምህርት ግን ለወርቁ ነው።