የማግኔታዊነት አስተምህሮና የአቶሞች መተካካት

«ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ማግኔታዊ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን አይደሉም» የሚለው አገላለጽ በሳይንስ ትምህርት ውስጥ የቆየ ነው። ለጀማሪ ተማሪ በቀላሉ የሚያዝና በክፍል ውስጥ በሙከራ የሚታይ በመሆኑ ጠቀሜታው አይካድም። ጉድለቱ የሚጀምረው ዝርዝሩ እንደ ምክንያት ሲወሰድ ነው። በዚህ ጊዜ ተማሪው ማግኔታዊነት በአቶሙ ውስጥ ተቋጥሮ የሚኖርና አቶሙ በሄደበት ሁሉ ሳይለወጥ የሚከተለው ባሕርይ ይመስለዋል።

ይህን እምነት የሚያፈርሰው ቀዳሚ ማስረጃ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሆይስለር በ1903 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ግኝት ነው። መዳብ፣ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም እንደ ብረት በማግኔት አይሳቡም፤ በተገቢው መጠን ሲቀየጡ ግን ጠንካራ ማግኔታዊ ባሕርይ ያሳያሉ። በንጹሕ ማንጋኒዝ ውስጥ አቶሞቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ ማግኔታዊ አቅጣጫቸው እየተቃረነ ኃይላቸው ይጠፋፋል። በቅይጡ ክሪስታል ውስጥ ግን መዳብና አሉሚኒየም በመካከል ገብተው ያራርቋቸዋል፤ በነጻ ተንቀሳቃሽ ኤሌክትሮኖች አማካይነትም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ።

ተቃራኒው ማስረጃ በወጥ ቤት ይገኛል። ከመቶ 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል ያለበት የማይዝግ ብረት፣ አብዛኛው አካሉ ብረት ሆኖ ሳለ በማግኔት አይሳብም ማለት ይቻላል። ኒኬል ራሱ ማግኔታዊ ቢሆንም በቅይጡ ውስጥ የአቶሞቹን አደራደር ስለሚለውጥ፣ በተለመደው ሙቀት ማግኔታዊ ሰልፍ አይመሠረትም። ዝርዝሩን ብቻ የተማረ ልጅ ማግኔቱን ከእንዲህ ያለ ድስት ጋር ሲያስጠጋ፣ ወይ መምህሩ ወይ ድስቱ ተሳስቷል ከማለት በቀር መውጫ የለውም።

«ብርቱ አቶም ቢጨመር ማግኔቱ ይበረታል» የሚለው ግምትም ከዚሁ ስሕተት የሚመነጭ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ታላቅ የማግኔት ውሁድ 2 የኒዮዲሚየም፣ 14 የብረትና 1 የቦሮን አቶሞችን ይዟል። የዲስፕሮሲየም አቶም ማግኔታዊ ሞመንት ከብረቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም ዲስፕሮሲየም በኒዮዲሚየም ቦታ ሲተካ ከብረቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሰለፍ የውሁዱ ጠቅላላ ማግኔታዊነት ይቀንሳል። በአንጻሩ ማግኔቱ በሙቀት ውስጥ ኃይሉን እንዳያጣ የመቋቋም ችሎታው ይጨምራል። ስለሆነም ለሞቃት ሞተሮች ማግኔት የሚሠሩ ባለሙያዎች አንዱን ጥቅም በሌላው ይለውጣሉ።

ከዚህ የሚከተለው ዝርዝሩ ይሰረዝ ማለት አይደለም። ሊታከልበት የሚገባው ሦስት ጥያቄ ነው፦ የአቶሙ ጎረቤቶች እነማን ናቸው? ምን ያህል ይርቃሉ? ወደየትኛው አቅጣጫ ይሰለፋሉ? ለዚህ ትምህርት አንድ ማግኔትና ጥቂት የወጥ ቤት ዕቃዎች ይበቃሉ። ኒኬል የሌለባቸው የማይዝጉ ብረቶች በአብዛኛው በማግኔት ስለሚሳቡ፣ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ማሳየት ይመረጣል። አንዱ ተስቦ ሌላው ሲቀር ተማሪው ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም፤ የዝርዝሩ ሽምደዳ ሲነፍገው የቆየውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።