ለሴሚናሩ ምስጋና

በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ውስጥ ከልቤ የማከብረው የምርምር ሴሚናሩን ነው። ያላለቀ ሥራ ያለ ሐፍረት የሚቀርበው እዚያ ነው። አንድ ተማሪ የአማርኛ ጽሑፍ መፈለጊያ ሠርቶ ያቀርባል፤ ውጤቱም ያምራል። ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን ታወጣለች፦ «‹ፀሐይ› ብሎ የፈለገ ሰው ‹ጸሀይ› ተብሎ የተጻፈውን ያገኛል?» አያገኝም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸን የሚያውቃቸው በተለያየ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከፍለጋው በፊት ድምፀ አንድ ሆሄያትን ወደ አንድ መልክ ማምጣት ያስፈልጋል። መፍትሔው እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሴሚናሩ ባይኖር ይህ ጉድለት በመመረቂያው ቀን፣ ካልሆነም በተጠቃሚው እጅ ላይ ይገለጥ ነበር፤ አንዱ የፈታውንም ሌላው እንደ አዲስ ሲታገልበት ይከርም ነበር። በየሳምንቱ አዳራሹን ለሚያዘጋጁት፣ በድፍረት ለሚያቀርቡት፣ ይልቁንም በቅንነት ለሚጠይቁት ምስጋናዬ የላቀ ነው።