ስያሜና ተግባር፦ በሥራ መልእክትና በስብሰባ ሶፍትዌር ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ቋንቋ ለአዲስ መሣሪያ ስም የሚያወጣው መሣሪያው ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ የስያሜ ሥራ ምንጊዜም ተከታይ ሥራ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምንገለገልባቸውን የመልእክትና የስብሰባ ሶፍትዌሮች ስላላካተተ አይወቀስም፤ ዙም አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013፣ ስላክ ለሕዝብ የቀረበው በ2014፣ የማይክሮሶፍት ቲምስ ደግሞ በ2017 ነውና። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ፣ በአማርኛ ተናጋሪው የሥራ ዓለም ሲስፋፉ፣ ለአገልግሎቶቻቸው የሚሰጡት የአማርኛ ስሞች በጥድፊያ የተገኙ ሆነዋል። እዚህ የምንነቅፈው የአንድን ሰው ወይም የአንድን ድርጅት ሥራ አይደለም፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ምስል ይዞ ተግባሩን የሚለቀውን የአሰያየም ልማድ ነው።

በመጀመሪያ ማይክሮፎን የሚዘጋውን አገልግሎት እንመልከት። «ድምፅ መከልከል» የሚለው ትርጉም ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ በአማርኛ «ድምፅ» ከጉሮሮ የሚወጣው ብቻ ሳይሆን በጉባኤ ላይ ለውሳኔ የሚሰጠውም ነው። ስለዚህ «ሰብሳቢው የአባሉን ድምፅ ከለከሉ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢ የሚረዳው የማይክሮፎኑን መዘጋት ሳይሆን የአባሉን የመምረጥ መብት መነፈግ ነው። ከዚህም ሌላ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠራቸው ሁለት ተግባራት አሉ፤ አንደኛው ሌሎች ተጠቃሚውን እንዳይሰሙ የሚያደርግ፣ ሁለተኛው ተጠቃሚው ራሱ የመልእክት ጥሪ እንዳይሰማ የሚያደርግ ነው። አማርኛ ይህን ድርብነት የሚወርስበት ምክንያት አይታየንም። የመጀመሪያውን «ማይክሮፎን መዝጋት»፣ ሁለተኛውን «የጥሪ ድምፅ ማጥፋት» ብንል ሁለቱም ይለያሉ።

«እጅ ማንሣት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በእኛ ቋንቋ በሰው ላይ እጅን ማንሣት ለመምታት መቃጣት ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በስብሰባ ለመናገር የሚፈልግ ሰው እጁን ያወጣል። «እጅ ማውጣት» እያለልን ሌላ ፍለጋ የምንደክምበት ምክንያት የለም።

ከቃል ምርጫው ባሻገር የሰዋስው ጉዳይ አለ። አንድ ሰው መልእክት ሲጽፍ በሌላው መስኮት ላይ ብቅ የሚለው ማሳወቂያ በእንግሊዝኛ ጾታንም አክብሮትንም አይጠይቅም። በአማርኛ ግን «እየጻፈ ነው» ስንል ወንድነትንና አንተታን በግሱ ውስጥ አስገብተናል። ይኸው ማሳወቂያ ስለ ሴት ኃላፊም፣ ስለ አንጋፋ ባለሙያም ሲወጣ አንዱን በጾታ፣ ሌላውን በአክብሮት ይስታል። «መልእክት በመጻፍ ላይ» የሚለው አነጋገር ግን ከሁሉም ጋር ይስማማል። በአዝራሮችም ላይ «ዝጋ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ ንኡስ አንቀጹን «መዝጋት» ማድረግ የሚበጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ቻናል» የሚለውን ቃል ባዕድ ነው ብለን ልናባርረው አንሻም። በቴሌቪዥን ለምደነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቴሌግራም ያመጣው ቻናል ደግሞ አጽንቶታል። ችግሩ በሁለቱም ቦታ ቻናል ማለት አንዱ የሚናገርበት፣ ብዙው የሚሰማበት መሆኑ ነው። በስላክና በቲምስ ግን በመደበኛው አሠራር አባላት ሁሉ ይጽፉበታል። ሠራተኛው «ጉዳዩ በቻናሉ ወጥቷል» ሲባል የተነገረው እንጂ የተጠየቀው አይመስለውም፤ ሐሳቡን ሳይሰጥ ይቀራል። ስለሆነም ለዚህኛው «የውይይት መድረክ» የሚለው ስያሜ የተሻለ ነው እንላለን።

ከሁሉም የሚከብደው የቅርብ ጊዜው አገልግሎት ነው። ዙም እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በስብሰባ የተነገረውን አሳጥሮ በጽሑፍ ያወጣል፤ ሌሎቹም ተመሳሳይ አገልግሎት አላቸው። ይህን ውጤት «ቃለ ጉባኤ» ብሎ መጥራት፣ በእኛ አስተያየት፣ የስያሜ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የአሠራር አደጋም ነው። ቃለ ጉባኤ በአገራችን የጽሕፈት ቤት ልማድ ጸሐፊ የሚይዘው፣ ተሰብሳቢዎች አንብበው የሚፈርሙበት፣ ኋላ ክርክር ቢነሣ ለማስረጃ የሚቀርብ ሰነድ ነው። የማሽኑ ጽሑፍ ፈራሚ የለውም። የአንዱን ንግግር ለሌላው ሊሰጥ፣ ዋናውን ሊዘል፣ ያልተባለውንም ሊጨምር ይችላል። በተለይ በአማርኛ «እሺ፣ እናየዋለን» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ጨዋ እምቢታ መሆኑን ተሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል፤ ማሽኑ ግን ስምምነት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። በዚህ ላይ «ቃለ ጉባኤ» የሚለው ስም ሲጨመርበት፣ ሠራተኛው ባልተስማማበት ውሳኔ ተስማሚ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «በማሽን የተዘጋጀ የስብሰባ ጭምቅ» እንዲባል፣ «ቃለ ጉባኤ» ግን ተነቦ ለተፈረመው ብቻ እንዲጠበቅ እናሳስባለን። ንግግሩን ሳያሳጥር ቃል በቃል የሚያሰፍረውንም «ግልባጭ» ማለት አይገባም፤ ግልባጭ በደብዳቤ ግርጌ ለሌላ ክፍል እንዲያውቀው የሚላከው ቅጂ ነውና። «የንግግር ጽሑፍ» ይበቃዋል።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች ረዘሙ፣ በጠባብ አዝራር ላይ አይጻፉም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እርግጥ ነው፤ በአዝራሩ ላይ «ጭምቅ» ብቻ ቢጻፍ አንቃወምም። ነገር ግን ጽሑፉ ታትሞ ወደ ፋይል ሲገባ ሙሉ ስሙን ይዞ መግባት አለበት፤ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው አዝራሩን አያይም፤ የሚያነበው አርእስቱን ነው።