ጎበዝ ተማሪ፣ ታዛዥ መነኩሲት

ሰው መንኩሶ ሲያበቃ ከገዳም ከወጣ «ቆቡን ጣለ» እንላለን። አባባሉ ነገሩን የአንድ ቀን ሥራ ያስመስለዋል። ቆብ ነው፣ ተጣለ፣ በቃ። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ካረን አርምስትሮንግ በ2004 (እ.ኤ.አ.፤ የቀሩትም ዓመቶች እንዲሁ) ያሳተመችው «ዘ ስፓይራል ስቴርኬዝ» የሚያወራው ቆቡ ከተጣለ በኋላ ስላሉት ዓመታት ነው። ርዕሱን «ጠመዝማዛው ደረጃ» ልንለው እንችላለን። ብዙ ሰው አርምስትሮንግን የሚያውቃት ስለ ሃይማኖቶች ታሪክ በጻፈቻቸው መጻሕፍት ስለሆነ፣ ይሄኛውንም እምነት ስለ ማጣትና ስለ ማግኘት የተጻፈ አድርጎ ያነበዋል። እኔ ያነበብኩት ስለ ትምህርት እንደተጻፈ መጽሐፍ ነው። መታዘዝን የሠለጠነ ጭንቅላት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምን ይገጥመዋል? መልሷ ደስ አይልም፤ ጥሩ ውጤት ይገጥመዋል።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። በ1962፣ በ17 ዓመቷ፣ የቅዱስ ሕፃን ኢየሱስ ማኅበር የሚባል የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ገባች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የተከፈተው በዚያው ዓመት ቢሆንም እሷ የሠለጠነችው ከለውጡ በፊት በነበረው ሥርዓት ነው። በ1981 ባወጣችው የመጀመሪያ መጽሐፏ መርፌ በሌለው የስፌት መኪና እንድትለማመድ መታዘዟን ትነግረናለች። ልብስ አይሰፋም፤ የሚሰፋው ፈቃዷ ነው። በኋላ ማኅበሩ ኦክስፎርድ ውስጥ ሴንት አንስ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እንድትማር ላካት። በ1969 ማኅበሩን ለቀቀች፣ ትምህርቷን ግን እዚያው ቀጠለች። ትናንት በመነኩሲት ልብስ የገባችበት ክፍል ዛሬ በተራ ቀሚስ ትገባለች።

መጽሐፉ የሚጀምረው በኮሌጁ የመመገቢያ አዳራሽ ነው። እራት ላይ አርፍዳ ትደርሳለች፤ ሳታስበው ተንበርክካ ወለሉን ትስማለች። ገዳም ውስጥ ያረፈደ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚያ ነበር። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር እናውቀዋለን። ማንም አይጠራውም ብለን የተውነው አሮጌ ኮድ አንድ ቀን ካልታሰበ ቦታ ተነስቶ ይሠራል። አርምስትሮንግ ትዕይንቱን የጻፈችው ሳታለቅስና ሳታስለቅስ ነው፤ ለዚህም ነው የሚያምመው። አጠገቧ ያሉት ተማሪዎች በተቃውሞ ሰልፍና በሙዚቃ ተጠምደዋል፣ እሷ ግን ቢትልስን እንኳ አታውቅም። የ1960ዎቹ ዓለም ሲገለባበጥ እሷ አልነበረችም።

ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት ግን የክፍል ሥራዋን የምትገልጽባቸው ገጾች ናቸው። ድርሰት መጻፍ ትችላለች። የታወቁ ሐያሲያንን ታነባለች፣ ይሄ እንዲህ አለ፣ ያኛው እንዲያ አለ ብላ ታደራጃለች፣ ቆንጆ አድርጋ ታቀርባለች። «አንቺስ ምን ይሰማሻል?» ሲባል ግን ውስጧ ባዶ ነው። ግጥሙ ምንም አይላትም። ለዓመታት የራሷን ሐሳብ እንደ ትዕቢት ቆጥራ እንድታፍነው ሠልጥናለች፤ አሁን ና ብትለው አይመጣም። እንዲህም ሆና ትምህርቷን በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰች። ኦክስፎርድ የጎደለውን ነገር በፈተና አልያዘውም።

እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ተቀምጬ ነበር። ኢንጂነሪንግ የተማረ የአገራችን ልጅ ይሄን ሳይተረጎምለት ይረዳዋል። ካምፓስ ውስጥ «ሰቃይ» የምንለው ልጅ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰብስቦ፣ ቀመሩን ሸምድዶ፣ መምህሩ በሚወደው መንገድ የሚመልስ ነው። ጎበዝ ነው፤ ልፋቱንም አልክድም። ግን ይሄ ቀመር ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ክፍሉን የሚያዘገይ ሆኖ ይታያል። አርምስትሮንግ ገዳሙን ስትወቅስ ሳላስበው ስለ ሌላ ግቢ የምታወራ ይመስለኛል።

መታዘዙ ከክፍል ውጭም ይከተላታል። ገዳም ሳለች ራሷን ስትስት የስሜት ድክመት ነው ተባለች። ከወጣች በኋላ ሐኪሞች የአእምሮ ጭንቀት አሉት። የሚጥል በሽታ መሆኑ የታወቀው በ1976 ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሌሎች ስለ ገላዋ የሚሉትን ራሷ ከሚሰማት በላይ አምናለች። ስለ ገጣሚው ቴኒሰን የጻፈችውን የዶክትሬት ጥናትም የውጭ ፈታኙ ርዕሱ አይመጥንም ብሎ ጣለው። እሷ በይፋ አልተቃወመችም። ገጹን ሳነብ «ተናገሪ እንጂ!» ያልኩት ጮክ ብዬ ነው። መርፌ የሌለው መኪና አሁንም እየዞረ ነው።

የማልስማማው ከዚህ በኋላ ነው። ርዕሱ ከቲ. ኤስ. ኤሊየት «አሽ ዌንስዴይ» ግጥም የተወሰደ ነው፦ ዙሪያውን የምትሽከረከር ይመስላታል እንጂ ወደ ላይ እየወጣች ነው። ያምራል። አርምስትሮንግ በ1983 ስለዚሁ ዘመን አንድ መጽሐፍ አውጥታ ነበር፤ ያለ ልኩ ደስተኛ ሆኖ ስለ ተጻፈ ከሥራዎቿ ሁሉ የከፋው ነው ብላ ራሷ ጥላዋለች። ሐቀኝነቷን አደንቃለሁ። ነገር ግን የደረጃው ምሳሌ ያንኑ ደስታ በለዘበ ድምፅ መልሶ ያስገባዋል። ዲግሪው መውደቁ፣ ሥራ ማጣቷ፣ ሁሉም ወደ ትክክለኛው ቦታ ያደረሷት እርከኖች ይሆናሉ። ወድቀው ታዋቂ ጸሐፊ ላልሆኑትስ? ለነሱ ደረጃው የት አለ?

ምሳሌው አንድ ነገርም ይሸፍናል። ማሰብ የጀመረችው ኮሌጅ ውስጥ አይደለም። ስለ ሐዋርያው ጳውሎስ በ1984 ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ከሠራች በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ ብቻዋን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ማርክ የሚሰጥ ሰው በሌለበት ማንበብ ስትጀምር ነው። የሌላ እምነት ሰዎችን ጽሑፍ ስታነብ «ይሄ ሰው ምን ቢሰማው ነው እንዲህ ያለው?» ብላ ለመጠየቅ ትታገላለች። በወጣትነቷ ለግጥም ልትጠይቀው ያልቻለችው ጥያቄ እኮ ይሄው ነው! መጽሐፉ ይህን መመለስ ከመንፈስ ጉዞዋ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ የትምህርቷ ታሪክ መጨረሻም መሆኑን ብትጽፍልን እወድ ነበር።

ቢሆንም አንብቡት። በተለይ ሥራ ላይ ቆይታችሁ ማስተርስ ልጀምር ብላችሁ ፎርም እየሞላችሁ ያላችሁ፣ ወይም ከአንድ ማኅበር፣ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ሥርዓት ወጥታችሁ ክፍል የተመለሳችሁ። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ቶሎ እለፏቸው፤ የኮሌጁን ገጾች ግን ዝግ ብላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን አሳይመንት ስትሠሩ፣ የጠቀሳችኋቸውን ሰዎች ሁሉ አውጡና የቀረውን ቁጠሩ። ሁለት መስመር ከቀረ፣ አርምስትሮንግ በዚያ ዕድሜዋ ከነበራት ይበልጣል።